ሲዲው ላይ የተጻፈው ስም

ኦጁሉ ሲዲውን የተቀበለው ሰኞ አመሻሹ ላይ ከአባቱ እጅ ነው። አባቱ ኦጆት ከመናኸሪያው እስከ ባሮ ዳር ቤታቸው ድረስ ሸሚዛቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በአንድ እጃቸው ደረታቸውን ደግፈው ነበር ያመጡት። ሲያወጡት ፖስታው በላብ ርሷል።

«አልታጠፈም» አሉ። «መንገዱን ሁሉ እየዳሰስኩት ነው የመጣሁት።»

«ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም፣ አባባ።»

«እንግዲያው አልተሰበረም።»

የሚነጋገሩት በአኝዋክኛ ነው። በአኝዋክኛ አንተና አንቱ ስለሌለ ኦጁሉ አባቱን የሚያከብረው በድምፁና በእጁ ነው። ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀበላቸውና ሳይከፍተው መደርደሪያው ላይ አኖረው። ኮምፒውተር በሌለበት ቤት ሲዲ ከፍቶ ማየት ምን ይረባል ብሎ ነው። አባቱ እንዲከፍተው ፈልገው ትንሽ ቆም ብለው እንደነበር ያስታወሰው በማግሥቱ ነው።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ዐሥር ዓመት ገደማ ሆኗታል። በየቢሮው አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ኃላፊ ሞልቷል፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለዚህ ሲባል ገበያው ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ የጽሕፈት ማሠልጠኛ ተከፍቷል። ማሠልጠኛው ዐሥራ ሁለት የጽሕፈት መኪናና ሦስት ኮምፒውተር ነበረው። ሁለቱን ኮምፒውተሮች የመብራቱ መውጣትና መውረድ አቃጥሏቸዋል። ሦስተኛው በቫይረስ ታሞ፣ ደብዳቤ ተጽፎ ግማሽ ላይ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ ነው።

ኦጁሉ አዲስ አበባ ተምሮ፣ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዞ ከተመለሰ ሰባት ወሩ ነው። በእነዚህ ሰባት ወራት ያልገባበት ቢሮ የለም፤ ሁሉም ማመልከቻውን ተቀብሎ «እንጠራሃለን» ብሎታል። የጠሩት የማሠልጠኛው ኃላፊ ወይዘሮ ፍቅርተ ብቻ ናቸው። አባታቸው ከደጋ የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። ንግግራቸው አጭር ነው።

«የሚቀጥለው ሳምንት አልፎ ሰኞ ዐሥራ አራት ሠልጣኞች ከየወረዳው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ይህን ኮምፒውተር በደንብ ሲሠራ ካሳየኸኝ አስተማሪው አንተ ነህ። ካልሆነ መቱ ያለ ልጅ ጽፎልኛል፤ እሱን እጠራለሁ።»

ኦጁሉ ኮምፒውተሩን ሁለት ቀን መረመረው። የነበረው ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ጸድቶ የሚድን አልነበረም፤ ተደምስሶ አዲስ መጫን አለበት። ስለዚህ ኮሌጅ አብሮት ለተማረው ለሰዓድ ስልክ ደወለ። ሰዓድ መርካቶ ኮምፒውተር ቤት ይሠራል። ማንም እየገለበጠ እንዲያድለው የተፈቀደ ሲስተም ሲዲ ላይ ቀዳለትና በአውቶቡስ ላከለት። አብሮም ቁራጭ ወረቀት ላይ ሠላሳ ሁለት ቁጥርና ፊደል በአንድ መስመር ጻፈለት።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት እንደመጣ ኦጁሉ ሲዲውን ከተተ። በቀን መብራት የሚኖረው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ወይዘሮ ፍቅርተ ከኋላው ቆመው በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ከመቶ ስንት እንደደረሰ የሚያሳይ ቁጥር ቀስ እያለ ሲጨምር አዩ።

«እየጫንክ ነው?»

«አይ፣ ሲዲውን እየመረመርኩት ነው።»

«ከመጫንህ በፊት?»

«ሲገለበጥ አንዲት ነጥብ ብትሳሳት አናውቅም። ኮምፒውተሩ ሲዲውን ከጫፍ ጫፍ ያነብና ከሁሉም ደምሮ አንድ መስመር ያወጣል። ጓደኛዬ ከላከው መስመር ጋር አንድ ከሆነ ሲዲው ጤነኛ ነው።»

«ካልሆነስ? ዝም ብሎ ጭኖ ማየት አይቻልም?»

ኦጁሉ ፈገግ አለ። «እኔና ይኸው ጓደኛዬ ኮሌጅ እያለን እንደዚያ አድርገን ነበር። አሮጌው ተደመሰሰ፣ አዲሱ መንገድ ላይ ቆመ። ኮምፒውተሩ ከሁለት ያጣ ሆነ። አስተማሪያችን ምንም አልተናገሩንም፤ ወር ሙሉ ግን ያንን ኮምፒውተር በእኛ ጠረጴዛ ላይ አኑረውት ነበር። እዚህ ደግሞ ያለን አንድ ነው።»

ወይዘሮ ፍቅርተ ወደ ደብዳቤያቸው ተመለሱ። ቁጥሩ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባ ደረሰ። ሰማንያ ሦስት ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ማቃሰት ጀመረ፤ ሲዲው ውስጥ ሲሽከረከር፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲሽከረከር ይሰማል። በመጨረሻም ማንበብ አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ኦጁሉ ሲዲውን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር ጠረገው። እንደገና ከተተው። ሰማንያ ሦስት። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ሰማንያ ሦስት።

የሚያበራውን ገጽ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው፤ ጭረት የለውም። ገለበጠው። በላይኛው ገጽ ላይ፣ ወደ ዳሩ ጠጋ ብሎ፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ ስም ተጽፏል። ኦጁሉ ኦጆት ይላል፣ በላቲን ፊደል። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ናቸው፤ ጸሐፊው እጁ እንዳይንሸራተት በኃይል ተጭኖ ስለጻፈ እያንዳንዱ መስመር ጎድጉዷል። በጣቱ ቢዳስሰው ዓይኑን ጨፍኖም ሊያነበው ይችል ነበር።

የሲዲ ሕይወቱ ያለው በሚያበራው ገጽ ሳይሆን ከላይኛው ገጽ ሥር፣ ከወረቀት በሳሳ ንጣፍ ላይ ነው። የእስክርቢቶው ጫፍ እዚያ ድረስ ዘልቋል።

የማን ጽሑፍ እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀበትም። ኦጆት ስድሳ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላ፣ ዘንድሮ ነው ቤተ ክርስቲያን በተከፈተው የአኝዋክኛ ትምህርት ፊደል መቁጠር የጀመሩት።

«ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ ፍቅርተ።

ኦጁሉ ሲዲውን ወደ መዳፉ ገለበጠው። «አይሠራም። በእኔ እጅ ነው የተበላሸው።»

ወይዘሮ ፍቅርተ ከደብዳቤያቸው ቀና አሉ። «እኔ የምፈልገው ጥንቁቅ ሰው ነበር» አሉ። «ዓርብ ዓርብ ነው።»

መናኸሪያው አጠገብ የሙሄ ሱቅ አለ። ሙሄ የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከስኳር እስከ መንጠቆ ይሸጣል፣ ስልክ ያስደውላል፣ የአውቶቡስ ረዳቶች የሚያመጡትን የሰው ዕቃም ባለቤቱ እስኪመጣ ያስቀምጣል። ኦጁሉ ሰዓድን ለማግኘት ሲገባ ሙሄ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቀበት።

«የኦጆት ልጅ! ስምህን አየኸው?»

«አየሁት። አንተ ነበርክ?»

«እኔማ እስክርቢቶውን ነው ያበደርኩት። አባትህን ታውቃቸው የለ። ‹ይኼ ፖስታ ላይ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ፖስታውስ ቢቀየር? ዕቃው ራሱ ላይ መኖር አለበት› አሉኝ። መቅዘፊያቸው ላይ፣ የመረባቸው እንጨት ላይ፣ ታንኳቸው ላይ፣ ሁሉም ላይ በቢላ ምልክት ይቆርጡ የለ? ሲዲውን እዚህ አስቀመጡና ምላሳቸውን ነክሰው ጻፉ። ወላሂ፣ ሩብ ሰዓት። ሁለት ሰው ስኳር ሊገዛ መጥቶ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲጨርሱ ‹እስከ ዛሬ ምልክት ነበር የማደርገው፤ ዛሬ ግን ስሙን ራሱን ጻፍኩ› አሉና እስክርቢቶዬን ኪሳቸው ከትተው ሊሄዱ ነበር።»

ኦጁሉ አልሳቀም። ሙሄ ፊቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አበላሹት እንዴ?»

«ለእሳቸው እንዳትነግራቸው።»

«እኔ ምን አገባኝ። አፌን ዘጋሁ።» ስልኩን ገፋለት።

ሰዓድ ተሳደበ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላ ሲዲ ዛሬውኑ ቀድቶ ለረቡዕ ጠዋቱ አውቶቡስ እንደሚያደርስ ቃል ገባ። «አባትህን ሰላም በልልኝ» አለ። «እኔ ብሆን ያንን ሲዲ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር።» መንገዱ ሁለት ሌሊት ስለሚታደርበት አውቶቡሱ ጋምቤላ የሚገባው ዓርብ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሁለት ሰዓት ያህል መብራት ብቻ ነው።

ቤት ሲደርስ አባቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የተቀደደ መረብ እየጠገኑ ነበር። ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

«ከፈትከው?»

«ከፈትኩት።»

«አየኸው?»

«አየሁት፣ አባባ። ጥሩ ጽሑፍ ነው።»

«‹ጄ› ላይ እጄ ትንሽ ሸሸ።»

«አይታወቅም።»

ኦጆት ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። «ሥራውስ?»

ኦጁሉ ሐሰት መናገር የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሲናገር ጆሮውን ያሻል። ጆሮውን እያሸ፣ «ሲዲው ከዚያ ሲመጣ ሙሉ አልነበረም። ዓርብ ሌላ ይመጣል» አላቸው።

«እንግዲያው በዚያኛውም ላይ እጽፋለሁ። አሁን እጄ ለምዷል።»

ኦጁሉ እውነቱን ሊነግራቸው አሰበና ተወው። ፊደል የቆጠሩት ስንት ዓመት ከፍርሃት ጋር ታግለው እንደሆነ ያውቃል። የመጀመሪያው ቀን ከትምህርቱ ቤት በር ተመልሰው፣ ዓሣ አጥማጅ ምን ያደርግለታል ብለው ነበር። ዓርብ ከእሳቸው ቀድሞ መናኸሪያ ቢገኝ፣ ሲዲውን ተቀብሎ ቢሄድ፣ ነገሩ ሁሉ ሳይነገር ያልፋል ብሎ አሰበ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሲደርስ ኦጆት የሙሄ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፤ ኪሱ ላይ አዲስ እስክርቢቶ ተሰክቷል።

ሙሄ ከውስጥ ሆኖ ትከሻውን ነቀነቀ። «ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ናቸው። ቀይ እስክርቢቶ እንዲገዙ መከርኳቸው፣ እምቢ አሉ።»

አውቶቡሱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አቧራውን አስከትሎ ገባ። ረዳቱ ፖስታውን በመስኮት አቀበለ። ኦጁሉ ተቀብሎ ዞር ሲል አባቱ እስክርቢቶውን ከፍተው፣ ሌላውን እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«አምጣ።»

ኦጁሉ ፖስታውን ይዞ ቆመ። መቸኮሉን ሰበብ ሊያደርግ ይችል ነበር። ግን ነገም ሌላ ሲዲ ይመጣል፤ ሰኞ ደግሞ አባቱ ማሠልጠኛው ድረስ መጥተው ለሁሉም ልጻፍ ይሉ ይሆናል። ደግሞም አባቱ ራሳቸው አንድ ነገር ለምን እንደተበላሸ ሳይነግሩት የቀሩበት ጊዜ የለም። ታንኳ ሲያፈስ ቀዳዳውን ያሳዩታል እንጂ አይደብቁትም።

«አባባ፣ በዚህ ላይ አትጻፍበት።»

«ለምን?»

«የሚነበበው ነገር ያለው ከምትጽፍበት ገጽ ሥር ነው። በጣም ስስ ነው። እስክርቢቶ ከተጫነው ይበሳዋል።»

ኦጆት እጃቸውን አልሰበሰቡም። ሙሄ ባንኮኒው ላይ ያለ ነገር መጥረግ ጀመረ።

«ያኛውንስ?»

«ያኛውንም።»

«ሙሉ አልነበረም ብለኸኝ ነበር።»

«ዋሽቼ ነው።»

ኦጆት የእስክርቢቶውን ክዳን ፈልገው እስኪያገኙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ ዘጉትና ኪሳቸው ከተቱት። «ጆሮህን ስታሽ አይቼሃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስለ ጽሑፌ መስሎኝ ነበር። ጽሑፌ አስቀያሚ ሆኖ።»

«ጽሑፍህ ቆንጆ ነው። እሱን አልዋሸሁም።»

«ለሴትየዋ ምን አልካት?»

«በእኔ እጅ ተበላሸ አልኳት።»

ኦጆት ተነሥተው ሸሚዛቸውን አራገፉ። «እንሂድ» አሉ።

«አንተ መምጣት የለብህም።»

«እሷ ለማይጠነቀቅ ሰው ሥራ ልሰጥ ነው ብላ ታስባለች። የማልጠነቀቀው እኔ ነኝ። እንሂድ፣ መብራቱ አይጠብቅህም።»

ማሠልጠኛው ሲደርሱ ለአምስት ሰዓት ዐሥር ጉዳይ ሆኗል። ወይዘሮ ፍቅርተ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይተው ነበር የተቀበሏቸው። የኦጆት አማርኛ ዓሣ የሚሸጡበት የገበያ አማርኛ ነው፤ ሆኖም በሩ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተናገሩ።

«አንቺ ይሰማል። ኦጁሉ አላበላሸም። እኔ ነው። በዚህ ጻፈ።» እስክርቢቶውን አውጥተው አሳዩ። «የሱ ስም ጻፈ። እንዳይጠፋ።»

ወይዘሮ ፍቅርተ እስክርቢቶውን፣ ከዚያ ኦጁሉን አዩ። «በእኔ እጅ ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«አባቴን ከመናኸሪያው እንዲያመጡልኝ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ምን እንደማይደረግበት ሳልነግራቸው ላክኋቸው። ስለዚህ የእኔም ጥፋት ነው።»

«ይግቡ፣ አባባ» አሉ ወይዘሮ ፍቅርተ፣ ወንበር እየሳቡ። በአኝዋክኛም ሰላም አሏቸው፤ ከዚያ በላይ ብዙ አኝዋክኛ አያውቁም። ወደ ኦጁሉ ዞሩ። «በል አሁን ጫነው። ምርመራውን ተወው፣ ጊዜ የለንም።»

ኦጁሉ ሲዲውን በዳርና በዳሩ ይዞ ቆመ። አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ይቀረዋል። መጫኑ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ምርመራው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። አሁን ቢጭነው ለጥቂት ይደርስ ይሆናል፤ ሲዲው ጤነኛ ከሆነ።

ኦጆት ምን እንደተባለ ጠየቁት፤ በአኝዋክኛ ነገራቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ቀን መረቤን ሳልዳስስ ባሮ ወረድኩ፤ አጎትህ አኳይ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ስላለኝ። ያን ቀን ሰው የሚያህል ዓሣ ገብቶ በአንዲት ቀዳዳ ወጣ። አኳይ እስኪሞት ድረስ ይስቅብኝ ነበር።» ከዚያ በአማርኛ ለወይዘሮ ፍቅርተ፣ «ቀዳዳ አለ፣ የለም፣ መጀመሪያ ያያል» አሏቸው።

ወይዘሮ ፍቅርተ ሊመልሱ ነበር፤ ትተውት ተቀመጡ። «እሺ፣ እይ» አሉ።

ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ። ሦስቱም ማያውን አዩ። ሰባ ሲያልፍ ኦጆት ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ሰማንያ። ሰማንያ ሁለት። ኦጁሉ ከማያው ዓይኑን ነቅሎ የአባቱን እጆች አየ፤ ጉልበታቸው ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተጭነዋል። ቀና ሲል ሰማንያ ሰባት ይላል። ዘጠና። ኮምፒውተሩ ድምፅ ሳይለውጥ መቶ ደረሰና ሠላሳ ሁለት ቁጥርና ፊደል በአንድ መስመር አወጣ።

ኦጁሉ የሰዓድን ወረቀት ከፖስታው አወጣ። «አንድ ሰው ያንብብልኝ፣ እኔ ማያውን እከተላለሁ።»

ወይዘሮ ፍቅርተ እጃቸውን ዘረጉ። ኦጆት ግን ወረቀቱን አይተው፣ «ይኼን ፊደል አውቀዋለሁ» አሉ። ወይዘሮ ፍቅርተ እጃቸውን መለሱ።

አነበቡ። አንዱን በጣታቸው ይዘው፣ ስሙን ጠርተው፣ ኦጁሉ «አዎ» እስኪል ጠብቀው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሰባት። ሲ። ዜሮ። ኤፍ። እንደገና ኤፍ። ሁለት። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆሙ። የሰዓድ እጅ ጽሑፍ የችኮላ ነው።

«ስድስት ነው?» አሉ ወይዘሮ ፍቅርተ ከጎን አጮልቀው።

ኦጆት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት። «ስድስት አንገቱን ይደፋል። ይኼ ቀጥ ብሏል። ቢ ነው።»

ኦጁሉ ማያውን አየ። «አዎ፣ ቢ ነው።»

የመጨረሻው ዘጠኝ ነበር። «አዎ» አለ ኦጁሉ። «አለቀ። አንድ ነው።»

«ምን ይላል?» አሉ ኦጆት።

«ምንም አይልም፣ አባባ። ሲዲው ቀዳዳ የለውም ማለት ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አዩት። «ምንም የማይል ነገር አንብቤ አላውቅም» አሉና በረጅሙ ሳቁ። ወይዘሮ ፍቅርተ ምን እንዳሉ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ከዚያ ሰዓቱን አዩ። አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት። «በል ቶሎ» አሉ።

ኦጁሉ አልተንቀሳቀሰም። «ወይዘሮ ፍቅርተ፣ መጫኑ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መብራቱ በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ይሄዳል። አሁን ከጀመርኩ አሮጌው ይደመሰስና አዲሱ መንገድ ላይ ይቀራል። በተበላሸ ሲዲ እንደመጫን ነው።»

«ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው ያልኩህ።»

«አውቃለሁ። ለመቱው ልጅ ሊደውሉለት ይችላሉ። ሲዲውን እዚህ ትቼለት እሄዳለሁ፤ የተመረመረ ነው። እኔ ግን አሁን አልጀምረውም።»

ይህን ሲናገር ድምፁ ቀጭን ነበር። ጆሮውን አላሸም። አባቱ አማርኛውን ሁሉ ባይከተሉም የድምፁን መቅጠን ሰምተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ወይዘሮ ፍቅርተ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፈቱ። የቁልፍ ቀለበታቸውን አወጡ። ከዚያ የማሠልጠኛውን በር ቁልፍ በጥፍራቸው እየታገሉ አላቀቁትና ኮምፒውተሩ አጠገብ አኖሩት።

«ቅዳሜ አልሠራም፤ አንተ ትሠራለህ» አሉ። «ጓሮ ነዳጅ ያለቀባት ትንሽ ጀኔሬተር አለች። ነዳጁን ነገ ሁለት ሰዓት ላይ አስልክልሃለሁ። እንዳትጠፋ ብቻ አንድ ሰው አጠገቧ ይቁም።»

«አባቴ ይቆማሉ።»

«ሰኞ ለሠልጣኞቹ መጀመሪያ የምታስተምራቸው ይህን ነው» አሉ ወደ ማያው እያመለከቱ። «ከመጫን በፊት ማየትን። እኔም እቀመጣለሁ።»

ኦጁሉ ለአባቱ በአኝዋክኛ ነገራቸው።  ኦጆት ከኮምፒውተሩ አጠገብ ባዶ የሲዲ ማስቀመጫ አንሥተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ልጃቸው ሲዲውን በዳርና በዳሩ ይዞ እስኪያወጣ ድረስ በሁለት እጃቸው ያዙለት።